ባለቤቴ አዞ፣ እናቴ ዶርዜ ይላሉ፤ እኔ መሃል ቀረሁ

ደብዳቤው

የተከበራችሁ የዚህ ዓምድ አዘጋጆች፣ እንደምን ሰንብታችኋል?

አምስት ኪሎ አካባቢ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሴቷ 12 ዓመቷ ነው፤ ወንዱ ገና 5 ዓመቱን መያዙ ነው። እናቴም አብራን ትኖራለች። 68 ዓመቷ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፣ ጉልበቷም ደረጃ ሲሆን ያስቸግራታል።

ባለቤቴ ለልጆቹ "ክረምት ላይ አርባ ምንጭ እወስዳችኋለሁ" ካለ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ዘንድሮ ዕቁብ ደረሰውና ነገሩ እውን ሆነ። ችግሩ ያወጣው ዕቅድ ነው። ፈቃድ ያገኘው 5 ቀን ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን አርባ ምንጭ፣ በሁለተኛው ጫሞና ነጭ ሳር፣ በሦስተኛው ኮንሶን አይተን ጂንካ፣ በአራተኛው ማጎ ወርደን ሙርሲዎችን፣ በአምስተኛው ከጂንካ አዲስ አበባ። "እዚያ ድረስ ሄደን ይህን ሳናይ ልንመለስ?" ይላል።

እናቴ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዶርዜን ማየት። ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ የምትገዛቸው ሸማኔ ስለ አገራቸው ሲያጫውቷት ዓመታት አልፈዋል። እሷ ራሷ ልጅ ሳለች ጥጥ እየፈተለች ነው ያደገችው፤ እንዝርቷ ዛሬም ሳጥኗ ውስጥ አለ። ባለቤቴ ግን "ጋቢ ለማየትማ ሽሮ ሜዳ አፍንጫችን ሥር አይደል እንዴ!" ብሎ ሳቀ። ይህስ ይሁን። ባለፈው ሳምንት ማታ "እሳቸው ይህን መንገድ አይችሉትም፣ እህትሽ ጋ ይቆዩ" ሲለኝ ሰማችው። በማግስቱ "እኔ ምን ሊሠራልኝ፣ ቤት እጠብቃለሁ" አለችኝ። ፊቷን ሳየው ሆዴ ባባ።

ልጄ ደግሞ ሌላ ጨመረችብኝ። ስለ ሙርሲዎች ቪዲዮ አይታ "እማዬ፣ በመኪና ሄዶ ሰው ፎቶ ማንሳት አዞ እንደማየት አይደለም ወይ?" አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ደስታውን ማበላሸት አልፈልግም። እናቴን ትቼ መሄድም አንጀቴ እሺ አይለኝም። ወባውም ያስፈራኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሁለት ልብ የሆንኩት፣ ከአምስት ኪሎ

መልስ

እህቴ፣ ከአዞውም ከጋቢውም በፊት አንድ ነገር እናስቀድም። እናትሽን ያስቀረው ዕቅድ፣ እሳቸው ቢቀሩም የማይሆን ዕቅድ ነው። ከጂንካ አዲስ አበባ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጎማ ሳይተነፍስ፣ ከብት መንገድ ሳይዘጋ፣ ልጁን ሳያስመልሰው እንኳ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ሌሊት መግባት ነው፤ በዚያ መስመር በጨለማ መንዳት ደግሞ ፈጽሞ አይመከርም። የ5 ዓመት ልጅ ይህን አይችልም። መሪ የያዘውም ሰው አይችልም። ባለቤትሽ "አይችሉትም" ማለቱ ልክ ነበር፤ የማይችለው ግን መላው ቤተሰብ ነው። ይህን ልብ በይ። ዕቅዱ የሚቀነሰው ለእናትሽ ሲባል ከመሰለ፣ ባለቤትሽ ውስጥ ውስጡን ቅር ይለዋል፤ እናትሽም "በእኔ ምክንያት" እያሉ አምስቱንም ቀን አንገታቸውን ደፍተው ይከርማሉ።

እስቲ ባለቤትሽን እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፦ "ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ አይተህ ተመለስ ብትባል የትኛው ነው?" ሁለት ዓመት ቃሉን ተሸክሞ ዕቁብ የጠበቀ ሰው፣ ይህ አጋጣሚ ሁለተኛ አይመጣም ብሎ ይሰጋል። ያን ሁሉ ቦታ በአምስት ቀን ውስጥ የሚያጭቀውም ይኸው ስጋት ነው እንጂ ግትርነት አይመስለንም። መልሱ የጫሞ አዞ ወይም የነጭ ሳር የሜዳ አህያ ከሆነ ነገሩ ቀለለ። ሁለቱም፣ ዶርዜም፣ ከአንድ አልጋ ተነስታችሁ ደርሳችሁ የምትመለሱባቸው ናቸው።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው፤ ጂንካና ማጎ ለሌላ ጊዜ ይቆዩ፣ አራቱንም ሌሊት አርባ ምንጭ እደሩ። በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በሶዶ በኩል መንገዱ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ከወጣችሁ ምሳችሁን ሆሳዕና ወይም ሶዶ በልታችሁ ሳይመሽ ትገባላችሁ። አልጋ ስትይዙ የላይኛውን ከተማ፣ ሼቻን ምረጡ፤ ከታችኛው ከሲቀላ ይልቅ ነፋሻ ነው፣ ከገደሉ አፋፍ ላይም ሐይቆቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ለእናትሽ ምድር ላይ ያለ ክፍል ጠይቂ። አንዳንዱ ሎጅ ቁልቁለት ላይ ስለተሠራ ከመኝታ ቤት ምግብ ቤት ለመድረስ ብዙ ደረጃ አለው፤ ይህን ደውለሽ ካልጠየቅሽ ማንም አይነግርሽም። በመጀመሪያው ቀን ከዚያ አፋፍ ላይ ቡና ጠጥቶ አባያንና ጫሞን ከማየት ሌላ ምንም አታቅዱ። አባያ ቡናማ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆነው ጎን ለጎን ሲታዩ ልጆቹ ለምን ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። የአባያን መልክ የሰጠው ወንዞች ከደጋው ጠርገው የሚያመጡት ደለል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ኮረብታማ መሬት ደግሞ የእግዜር ድልድይ የሚባለው ነው።

"በክረምት?" ብለሽ ሰግተሽ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ የሚሰጋው ሁሉ የሚስተው ነገር አለ። የአርባ ምንጭ ዋና ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ነው፤ ሁለተኛው መስከረምና ጥቅምት ላይ ይመጣል። እኛ ዣንጥላ ይዘን በምንውልበት በሐምሌና በነሐሴ እዚያ ዝናቡ ጋብ ይላል። ዶርዜ ግን ደጋ ነውና ጭጋግና ጭቃ ይኖረዋል፤ ለአንድ ጉዞ የሁለት አገር ልብስ ያዙ።

አሁን ወደ ጫሞ። አዞ በራሱ ሰውነት ሙቀት ማመንጨት ስለማይችል ጠዋት ፀሐይ ሊሞቅ ከውሃው ይወጣል፤ ሲግለው ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ ጀልባ ላይ መሆን ጥሩ ነው። 5 ሰዓት ካለፈ ዳርቻው ባዶ እየሆነ ይሄዳል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስ ይነሳና ውሃው ይናወጣል፣ ልጅና አዛውንት ይዞ ለመጓዝ አይመችም። የአካባቢው ሰው "አዞ ገበያ" የሚለው፣ የቁልፎ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል ያለው ዳርቻ ነው፤ አምስት ሜትር የሚደርስ አዞ ተጋድሞ ታያላችሁ። አፉን በርግዶ የሚተኛው ሊናከስ ፈልጎ ሳይሆን ሙቀት ሊያስወጣ ነው። ጉማሬውን ግን ከአዞ ይበልጥ ፍሩት። ሌሊቱን ሣር ግጦ ጠዋት ውሃ ውስጥ ይገባል፤ የሚያጠቃውም አብዛኛውን ጊዜ ጀልባው በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከል ሲገባበት ነው። "ቀረብ በልልን" እያሉ ጀልባ ነጂውን የሚጎተጉቱ ቱሪስቶች አሉና፣ ባለቤትሽ ከመነሳታችሁ በፊት "ርቀህ አቁምልን፣ የምንከፍልህ ያው ነው" ይበለው። ነጂው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል።

ላይፍ ጃኬት ላይ ድርድር የለም። የአዋቂ ጃኬት ለ5 ዓመት ልጅ ማልበስ አለማልበስ ማለት ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ ወደ ላይ ይወጣና ልጁ ከሥሩ ሾልኮ ይቀራል። እንዲህ ፈትኑት፦ አልብሳችሁ፣ መቆለፊያዎቹን ሁሉ ዘግታችሁ፣ እጆቹን ወደ ላይ አስዘርጉትና ጃኬቱን ከትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። አገጩንና ጆሮውን ካለፈ ትልቅ ነው። ከአንድ ቀን በፊት ለጀልባ ማኅበሩ ደውላችሁ የልጅ ቁጥር መኖሩን ጠይቁ፤ ከሌለ ልጁ ከእናትሽ ጋር ዳር ይቅር፣ እናንተም በተራ ሂዱ። የጀልባው ኪራይ ብዙውን ጊዜ በሰው ሳይሆን በጀልባ ነው፤ የፓርኩ መግቢያም ለብቻው ይከፈላል። ሁለቱን ደምራችሁ ያዙ እንጂ አንዱን ብቻ ሰምታችሁ ሂሳብ አታውጡ።

እናትሽ ጀልባ ላይ መሳፈር ይችላሉ፤ ጉልበታቸውን የሚፈትነው መውጫና መውረጃው ብቻ ነው። ጀልባው ጫፉን ዳር ላይ አስደግፎ ሲቆም አንድ ሰው ከውስጥ፣ አንድ ሰው ከውጭ ሆኖ ይያዛቸው፤ መቀመጫቸው መሃል ላይ ይሁን፤ ከፊት ከሆነ እያንዳንዱ ማዕበል ወገባቸውን ይመታዋል። ባርኔጣ ነፋስ ይወስደዋል፤ ነጠላቸውን ከላይ ጠበቅ አድርገው ቢያስሩ የተሻለ ነው። ባይኖኩላር የምትዋሱ ከሆነ 8 በ42 የተጻፈበትን ፈልጉ። 12 እጥፍ የሚያቀርበው የተሻለ ይመስላል፤ ግን እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉም 12 እጥፍ ይንቀጠቀጣል፣ ጀልባ ላይ ምንም አያሳይም።

ከጀልባ መልስ ከቀትሩ ሙቀት ተሸሸጉ፣ ልጁም ይተኛ። ወደ 10 ሰዓት ላይ የአዞ እርባታው አለ። ከሐይቁ ዳርቻ ከተሰበሰበ እንቁላል የተፈለፈሉ አዞዎች በዕድሜያቸው ተለይተው ይቀመጣሉ፤ ጠዋት ያየው ግዙፍ አዞ አንድ ጊዜ የክንድ ያህል እንደነበረ ልጁ በዓይኑ ያየዋል። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ለእናትሽም ይመቻል። የልጁን እጅ ብቻ አትልቀቁ።

በሦስተኛው ቀን ዶርዜ። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ዶርዜ ከ2,500 ሜትር በላይ። ይህን ሁሉ ከፍታ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ በአንድ ሰዓት ገደማ ትወጣላችሁ። ልጁ ሊያስመልሰው ይችላል፤ ቁርሱ ቀላል ይሁን፣ ወተት አይጠጣ፣ መኪና ውስጥ ስልክ አይመልከት፣ መስኮቱ ጥቂት ይከፈት። ጆሮው ሲደፈንበት የሚያላምጠው ነገር ስጡት። በመንገዱ ላይ ልጆች እየዘለሉና እየጨፈሩ መኪናችሁን ይከተላሉ፤ ብርም ከረሜላም በመስኮት አትወርውሩ። የተወረወረ ነገር ለማንሳት የሚሮጥ ልጅ ከኋላ የሚመጣውን መኪና አያይም፤ ከትምህርት ቤት የሚያስቀረውም ያው የሚወረወረው ብር ነው።

እንግዲህ ባለቤትሽ "ሽሮ ሜዳ አለ" ያለው ላይ ደረስን። እውነት ነው፣ ሽሮ ሜዳ የሚሸምኑት ብዙዎቹ የዚያው አገር ሰዎች ናቸው። ሽሮ ሜዳ ላይ የሚታየው ግን ያለቀው ጋቢ ነው። ዶርዜ ላይ ከባዘቶው ጀምሮ ይታያል። የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው፣ የሚሸምኑት ወንዶች። ሸማኔው እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ በእግሩ ድሩን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ በእጁ መወርወሪያውን ከዳር ዳር ይሰዳል፤ ልጅሽ ለአምስት ደቂቃ ትሞክረው ቢባል እግሯና እጇ አልስማማ ብለው ማጉ ይዛባል፤ ያን ጊዜ የጋቢ ዋጋ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ማንም ሳይነግራት ይገባታል። እናትሽ ደግሞ እንዝርታቸውን ይዘው ይሂዱ። ከሚፈትሉት ሴቶች አጠገብ ተቀምጠው ሲፈትሉ፣ ቋንቋ ባይግባቡም ክር ሲበጠስ እንዴት እንደሚቀጠል ይግባባሉ። በዚህ ጉዞ ላይ ባለሙያዋ እሳቸው ናቸው፤ ባለቤትሽ ይህን ሳያስበው ቀርቶ ነው።

ቤቱም ቢሆን ቆም ብለው ሊያዩት ይገባል። የተሰነጠቀ ቀርከሃ ተሸምኖ፣ በእንሰት ሽፋን ተከድኖ፣ አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር ይቆማል። ፊቱ የዝሆን ፊት ይመስላል፤ ከላይ ያሉት ቀዳዳዎች ዓይን፣ ወደ ፊት የወጣው በር ኩምቢ። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ተቆርጦ ይጣላል፣ ቤቱም በዓመታት ውስጥ እያጠረ ይሄዳል፤ ስለዚህ ረጅሙ ቤት አዲሱ፣ አጭሩ አሮጌው ነው። ልጆቹን "የትኛው ይበልጣል በዕድሜ?" ብላችሁ አጫውቷቸው። ውስጡ ሲገባ ጨለማ ነው፣ በሩም ዝቅ ያለ ነው፤ እናትሽ ጎንበስ ሲሉ ክንዳቸውን የሚይዝ ሰው ይኑር። ከዚያ የእንሰቱን ሥራ ያሳዩዋችኋል፦ ግንዱ ይፋቃል፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይብላላል፣ ተጋግሮ ቆጮ ይሆናል፤ በማርና በዳጣ ይበላል። ዳጣው ያቃጥላል፤ ለልጁ ማሩን ብቻ።

ይህ ወደ ልጅሽ ጥያቄ ይወስደናል። ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ "አይ፣ አይደለም" ብለሽ አታስቀሪያት። ሙርሲዎች በሚኖሩበት በኦሞ ሸለቆ በብዙ ቦታ ጉብኝቱ የሚሄደው በፎቶ ሂሳብ ነው። መኪና ይቆማል፣ ሰዎች ተውበው ይሰለፋሉ፣ በየፎቶው ይከፈላል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ይለያያል። እንግዳው ስማቸውን አያውቅም፤ እነሱም እንግዳውን እንደ ኪስ ነው የሚያዩት። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ጊዜ የሌለው ጉብኝት ሌላ መልክ ሊኖረው አይችልም። የባለቤትሽ ዕቅድ ለሙርሲዎች የሰጠው ግማሽ ቀን ነው፤ ልጅሽ የሸተታት ይህ ይመስለናል። ዶርዜ ላይ ደንቡን እሷ ታውጣ። ለምሳሌ፦ ስልክ ከኪስ የሚወጣው ከተዋወቁና ቢያንስ አንድ ነገር አብረው ከሠሩ በኋላ ነው፤ የልጅ ፎቶ ያለ እናት ፈቃድ አይነሳም፤ የተነሳው ሰው ፎቶውን ራሱ ያየዋል። ክፍያውን ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት ከአስጎብኚው ጋር ተነጋገሩ፦ ምን ምን ያካትታል? ለቤቱ ባለቤት ስንት ይደርሳል? መጨረሻ ላይ የሚነሳ የዋጋ ጭቅጭቅ የቀኑን ደስታ ሁሉ ይዞት ይሄዳል። ጋቢ ከገዛችሁም ከሸማኔው እጅ ግዙ።

አራተኛው ቀን የባለቤትሽ ነው። ነጭ ሳር 514 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፤ የሜዳ አህያው ያለበት ነጭ ሣር የለበሰው ሜዳ ግን ከከተማው ማዶ፣ ከእግዜር ድልድይ ባሻገር ነው። መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ ከፍ ያለና በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ካልሆነ አይሞከርም፣ ዝናብ ካደረ ጨርሶ አይገባም። ይህ በእውነት ለእናትሽም ለትንሹም አይሆንም። ባለቤትሽና ልጅሽ ጎህ ሲቀድ ከፓርኩ ስካውት (ጠባቂ) ጋር ይሂዱ፤ አባትና ልጅ ብቻቸውን የሚውሉበት ቀን ስንት ጊዜ ይገኛል? የቤት መኪናችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ለዚያ ቀን ብቻ እዚያው ተከራዩ። ጥቁርና ጠቆር ያለ ሰማያዊ ልብስ አይልበሱ፤ የቆላ ዝንብ ይስበዋል። ጎማ መቀየሪያው መኖሩን፣ ትርፍ ጎማው አየር መያዙን ባለቤትሽ ራሱ ይይ፤ "አለ" መባል አይበቃም። ልጅሽ ወፍ ከወደደች ይህን ንገሯት፦ በ1990 እ.ኤ.አ. እዚያው መንገድ ላይ ሞታ ከተገኘች፣ በሌሊት ከምትበር አንዲት ወፍ (የሌሊት ወፍ አይደለችም) የተወሰደው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር፤ ሳይንቲስቶች በዚያ ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ናት ብለው በ1995 እ.ኤ.አ. መዘገቧት።

አንቺ፣ እናትሽና ትንሹ ደግሞ በዚያ ጠዋት ከተማዋን ስሟን ከሰጧት ምንጮች አጠገብ ያለው ጫካ ዳር ውሉ። ጉሬዛ ጠዋት ፀሐይ ለመሞቅ ዛፍ ጫፍ ላይ ይወጣል፤ አንገትን ቀና አድርጎ ዝም ብሎ መጠበቅ ብቻ ነው። ወደ ምንጮቹ የሚወርደው መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ስላለው እናትሽ እላይ ጥላ ሥር ይቀመጡ። ሙዝ በእጃችሁ አይታይ፤ ጦጣና ዝንጀሮ ከልጅ እጅ ይነጥቃሉ፣ ይቧጭራሉም።

ኮንሶ? ከአርባ ምንጭ ደርሶ መልስ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ድንቅ የእርከንና የድንጋይ ካብ አገር ነው፤ ግን መንደሮቹ በእግር፣ ያውም በድንጋይ ላይ የሚታዩ ናቸው። ለዚህ ጉዞ ይቅር።

ወባውን በተመለከተ ስጋትሽ ተገቢ ነው፤ አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሚጠብቀን ሰውነታችን ለወባ እንግዳ ነው። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ሁላችሁም ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ ልጁንም አስመዝኑት፣ የወባ መከላከያ መድኃኒቱ መጠን በኪሎ ነውና። ለእናንተ የታዘዘውን ከፍላችሁ ለልጁ አትስጡ፤ ዶክሲሳይክሊን ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም። ዶክሲሳይክሊን ከተመለሱ በኋላም ለ4 ሳምንት፣ አቶቫኮን ፕሮጓኒል ለ7 ቀን ይቀጥላል፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው፣ "ገባን እኮ" ብሎ። የእናትሽን የግፊት መድኃኒት ከነማሸጊያው ይዛችሁ ለሐኪሙ አሳዩ። ሜፍሎኩዊን የሚባለው የወባ መከላከያ ከአንዳንድ የግፊትና የልብ መድኃኒቶች ጋር አይስማማም፤ የሚወስዱት ሽንት የሚያበዛው ዓይነት ከሆነ ደግሞ በቆላ ሙቀት ውሃ ሊያጥራቸው ይችላል። የግፊት መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። ማታ ከ12 ሰዓት ጀምሮ እጅጌ ረጅም፣ ካልሲ፣ ከ20 እስከ 30 በመቶ ዲት (DEET) የተባለ የትንኝ ማባረሪያ ያለው ቅባት (ለልጁ እጁ ላይ አትቀቡት፣ ዓይኑን ያሽበታል)፣ የራሳችሁን አጎበርም ያዙ። ሐይቆቹ ውስጥ እግር ማስነከርም አይፈቀድ፤ አዞው ባይኖር ቢልሃርዝያው አለ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ማንም ቢያተኩሰው በዚያው ቀን ደም ይመርመር፣ አርባ ምንጭ እንደነበራችሁም ሳትጠየቁ ተናገሩ። ካልነገራችሁ አዲስ አበባ ላይ ወባን ማንም ቶሎ አይጠረጥርም።

ከእናትሽ ጋር ስለመነጋገሩ፦ "ትሄጃለሽ?" ብለሽ አትጠይቂያቸው። ይሉኝታ የያዘው ሰው ለዚህ ያለው መልስ አንድ ነው፤ "እኔ ምን ሊሠራልኝ።" ይልቅ ሥራ ይዘሽ ቅረቢ፤ "እማዬ፣ ዶርዜ ስንሄድ እንዝርትሽን እንውሰድ፣ ለልጅቷ ታሳያታለሽ።" ማታ የተባለውን ነገር ግን አንቺ አታስተካክዪው። እሱ ይበል። ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም፤ ቡና ላይ ተቀምጦ "እማማ፣ ዕቅዱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ አሁን አስተካክለነዋል፣ ከፊት ወንበር የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት" ካለ ይበቃል። የፊት ወንበር ለጉልበታቸውም ይሻላል። ባለቤትሽን ስታናግሪው እሳቸውም ልጆቹም በሌሉበት ይሁን፤ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ኪሎ ሜትሩን ራሱ ይደምረው። አንቺ ከምትነግሪው 700ውን ራሱ ቢጽፈው ይሻላል።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቤታችሁ ቅርብ ነውና፣ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለውን የኢትኖሎጂ ሙዚየም ልጅሽን ይዘሽ እዪ። የሕዝቦቻችንን ኑሮ ከልጅነት እስከ ሞት በቅደም ተከተል ያሳያል። ለጥያቄዋ ከአንቺ ይልቅ እዚያ ብዙ መልስ ታገኛለች፤ ሌላ ጥያቄም ይዛ ትወጣ ይሆናል።

በዚህ ሳምንት የሚደወሉት ሦስት ናቸው፦ ሐኪም ቤት ለቀጠሮ፣ ሆቴል ለምድር ቤቱ ክፍል፣ የጀልባ ማኅበር ለልጁ ላይፍ ጃኬት። ልትነሱ ሁለት ቀን ሲቀር ደግሞ ሆቴሉን መልሳችሁ ጠይቁ፤ የመንገዱን ደኅንነትና ወደ ሜዳው የሚወስደው መንገድ መድረቁን። ጂንካን ባለቤትሽ ካልረሳው በሌላ ዓመት በአውሮፕላን ገብቶ ለብቻው ቢያንስ አራት ቀን ይስጠው፤ ልጅሽም ያን ጊዜ አድጋ፣ መሄድ አለመሄዷን ራሷ ትወስናለች።